«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት፦ ከከርነል ማሻሻያ በኋላ ስለሚወድቁ ኮምፒዩተሮች

ከደብረ ታቦር ተነስቶ ክምር ድንጋይንና ጋሳይን አልፎ፣ የጉናን ተራራ በስተቀኝ እየተወ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ከተማዋ ይህን ስም ለምን እንዳገኘች መጠየቅ አያሻውም። በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ እኛም ጋቢያችንን ተከናንበን በዚያው መንገድ ተጉዘን ነበር። ያስኬደን ጉዳይ በላይ ጋይንት ወረዳ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተፈጠረ ችግር ነው። በትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ከነበሩት አሥራ ሁለት ኮምፒዩተሮች ሰባቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንነሳም ብለው ነበር።

ጥሪው የደረሰን ቀድሞ በዩኒቨርሲቲ ካስተማርናቸው፣ በኋላም በዚያ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ከሆነ አንድ ወጣት ነው። «ዶክተር፣ ምነው እጄን በሰበሰብኩ ኖሮ!» አለን በስልክ። ኮምፒዩተሮቹ በእርዳታ የተገኙና ያረጁ ሲሆኑ የሚሠሩትም በሊነክስ ነበር። መምህሩ ከገዛ ኪሱ የሞባይል ኢንተርኔት ጥቅል እየገዛ፣ ስልኩን ከየማሽኑ ጋር እያገናኘ፣ በሁሉም ላይ ማሻሻያ ጫነ። የማሻሻያው ዋና ክፍል አዲስ ከርነል ነበር። በማግስቱ ተማሪዎቹ ሲገቡ አንዳንዱ ማሽን በጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ አፍስሶ ቀጥ ይላል፤ አንዱ ጨርሶ ብርሃን አይሰጥም፤ ሌላው ደግሞ ተነስቶ ጥቂት ከሠራ በኋላ ይሞታል። ይህ የመጨረሻው ማሽን የሦስት ዓመት የተማሪዎች ውጤት የሰፈረበት ነበር። ቅጂ የለውም። ትራንስክሪፕት የሚጠብቁ ተማሪዎች ደግሞ በር ላይ ቆመዋል።

አንድ የኮምፒዩተር ጠጋኝ ማሽኖቹን አይቶ የሰጠው ፍርድ አንድ ቃል ነበር፦ «ፎርማት ይደረግ!» በአገራችን ይህ ቃል ራሱን ያመመውም ሆነ እግሩ የተሰበረው እኩል የሚዋጠው ክኒን ሆኗል። ሃርድ ዲስኩ ይጠረጋል፣ ሥርዓቱ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ኮምፒዩተሩ ይነሳል፤ ሕመሙ ምን እንደነበረ ግን ማንም አያውቅም። መዝገቡም አብሮ ይጠረጋል። መምህሩ ወደ እኛ የደወለው ይህን እሺ ለማለት ልቡ ስላልፈቀደለት ነው።

ወደ ክፍሉ ከመግባታችን በፊት ግን ስለ ከርነል ጥቂት ማለት ይገባናል።

«ከርነል» በእንግሊዝኛ የፍሬ አስኳል ማለት ነው። በኮምፒዩተር ዓለም በፕሮግራሞችና በማሽኑ አካላት መካከል የሚቆም የሥርዓቱ እምብርት ነው። በድሮ ዘመን ግብር ቤት እንግዳው ራሱ ጓዳ ገብቶ ሥጋ አይቆርጥም፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ለማን ምን እንደሚቀርብ የሚያውቀው አጋፋሪው ነው። እንደዚሁም ደብዳቤ የምንጽፍበት ፕሮግራም ሃርድ ዲስኩን በቀጥታ አይነካም፤ ከርነሉን ይጠይቃል። ከርነሉ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የማስታወሻ ቦታ ያድላል፣ ፕሮሰሰሩን በተራ ያካፍላል፣ ከዲስክ፣ ከስክሪንና ከኔትወርክ ካርድ ጋር ይነጋገራል። አንድ ፕሮግራም ቢሳሳት ከርነሉ ያንኑ ፕሮግራም ብቻ ያስወጣዋል። አጋፋሪው ራሱ ቢወድቅ ግን ግብሩ ይበተናል። በሊነክስ ይህ ዓይነቱ ውድቀት «ከርነል ፓኒክ» ይባላል፤ በድሮዎቹ ክብ ሶኬት ባላቸው ኪቦርዶች ላይ ትንንሾቹ መብራቶች ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመሩ ይኸው ደርሷል ማለት ነው።

የሊነክስን ከርነል የጀመረው የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሲሆን፣ ሥራውን ለሌሎች ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1991 ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ወደ 10,000 የሚጠጋ የፕሮግራም መስመር ነበረው፤ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ሆኗል። በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ያለው ይኸው ከርነል ነው። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ወዲህ በየጊዜው በሚወጣው የ500 ታላላቅ ሱፐርኮምፒዩተሮች ዝርዝር ውስጥ ያሉት ሁሉም የሚሠሩበትም ይኸው ነው። አዲስ ዋና ቅጂ በየዘጠኝና በየአሥር ሳምንቱ ይወጣል፤ በእያንዳንዱም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከአሥር ሺህ በላይ ለውጦች ይገባሉ። ይህን ያህል ነገር በአንድ ጊዜ ተለውጦ አብዛኛው ኮምፒዩተር በማግስቱ በሰላም መነሳቱ፣ እንደ እኛ ግምት፣ ከመውደቁ ይልቅ የሚያስገርም ነው።

ፎርማት ከማለት በፊት መታወቅ ያለበት ታላቁ ነገር ይህ ነው፦ በተለመዱት የሊነክስ ሥርጭቶች አዲስ ከርነል ሲጫን አሮጌው አይጠፋም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የሚመጣው «ግራብ» የተባለው መራጭ ፕሮግራም ሳንነግረው አዲሱን ይጀምራል እንጂ አሮጌውን አልጣለውም። በአሮጌ ማሽኖች የ«ሺፍት» ቁልፍን ተጭኖ በመያዝ፣ በአዲሶቹ ደግሞ «ኢስኬፕ»ን በመንካት ዝርዝሩን ማውጣት ይቻላል። ከዚያም «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» በሚለው ሥር ትናንት ይሠራ የነበረው ከርነል ስሙና ቁጥሩ ተጽፎ ይገኛል። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ አዲስ መሣሪያ ሲያጠራጥረን የታወቀውን አሮጌ መሣሪያ መልሰን እንደምንገጥመው ሁሉ፣ እዚህም ማነጻጸሪያው አስቀድሞ ተዘጋጅቶልናል። ሳይነካ ቆይቷል፤ የሚያስፈልገው መጠቀም ብቻ ነው።

በትምህርት ቤቱ ከሰባቱ ማሽኖች አምስቱ ተመሳሳይ የሞት ቃል ይናገሩ ነበር። ጽሑፉ በአጭሩ «ሥር የሆነውን የፋይል ሥርዓት ላገኘው አልቻልኩም» የሚል ሲሆን፣ በመጨረሻው በቅንፍ ውስጥ ሁለት ዜሮዎች አሉ። ዜሮዎቹ ጠቃሚ ምስክሮች ናቸው፤ ከርነሉ ዲስኩን አይቶ ሳይሆን አንድም ዲስክ ሳያይ እንደቀረ ይናገራሉ። ምክንያቱን ለመረዳት የአንድ ትንሽ እንቆቅልሽ መፍቻ ያስፈልጋል። ከርነሉ ዲስኩን ለማንበብ የዲስኩ ድራይቨር ያስፈልገዋል፤ ድራይቨሩ ደግሞ የተቀመጠው በዲስኩ ላይ ነው። ቁልፉ በተቆለፈው ሣጥን ውስጥ ነው እንደማለት ነው። መፍትሔው ከርነሉ ገና ከመነሻው አገልግል ይዞ እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ ለመንገዱ የሚበቁትን ድራይቨሮች የያዘ አንድ የታመቀ ፋይል ከእርሱ ጋር ወደ ማስታወሻ ይጫንለታል። ስሙ «ኢኒትራምኤፍኤስ» ነው፤ ለምላስ ስለማይመች እኛ በዚህ ጽሑፍ ስንቅ እንለዋለን።

በአሮጌ ከርነል ስናስነሳቸው አምስቱም ማሽኖች ተነሱ። መምህሩ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ፤ ደስታም ቁጭትም የተቀላቀለበት ይመስለናል። በአራቱ ላይ ከርነሉ የሚቀመጥበት «ቡት» የተባለው የዲስክ ክፍል ገና ሲከፈል ጠባብ ሆኖ ተከፍሎ ስለነበር፣ በየጊዜው የመጡት ከርነሎች ተደራርበው ሞልተውታል። አዲሱ ከርነል ራሱ የመጨረሻዋን ቦታ ይዞ ሲገባ ለስንቁ የተረፈ ቦታ አልነበረም። ባዶ እጁን መንገድ ወጣ፤ በመንገድም ቀረ። ማሻሻያው ሲጫን «ቦታ የለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎ ነበር፤ ግን አሥራ ሁለት ማሽን እየተሯሯጠ የሚያሻሽል ሰው በመቶ መስመሮች መካከል ያለፈችውን አንዲት መስመር ባያያት አንፈርድበትም።

አምስተኛው ማሽን ተመሳሳይ ቃል ቢናገርም ቦታ ሞልቶት አልነበረም። የመጫኛውን መዝገብ ስናነብ ስንቁ እየተሠራ ሳለ መዝገቡ በመሐል ተቋርጧል። መምህሩን «በዚያች ሰዓት ምን ሆነ?» ብንለው ሳያመነታ «መብራት ሄደ» አለን። እንግዲህ ምልክቱ አንድ ሆኖ ሳለ መነሻው ሁለት ነው።

የሁለቱም ፈውስ ቀላል ነው። በአሮጌው ከርነል ከተነሳን በኋላ አሁን የምንሠራበትንና አንድ ሌላ የተረጋገጠ ከርነል አስቀርተን፣ የተቀሩትን ጥንታውያን በጥቅል አስተዳዳሪው በኩል እናስወግዳለን፤ በእጅ ፋይል መሰረዝ ግን አይገባም፤ አስተዳዳሪው አለ ብሎ የሚያስበውን ነገር ሌባ እንደወሰደበት ይቆጥረዋልና። ከዚያ ስንቁን እንደገና አሠርተን የግራብን ዝርዝር እናሳድሳለን። ለአምስቱ ማሽኖች የወሰደብን ጊዜ ሁለት ሰዓት አይሞላም። አንድም ፋይል አልጠፋም።

ስድስተኛው ብርሃን የማይሰጠው ነበር። እዚህ ላይ ማየት ለተሳነው ዓይን መስጠት ይቀድማል። በግራብ ዝርዝር ላይ «ኢ» የምትለውን ፊደል ነክተን ከትእዛዙ መስመር ላይ «ኳይት» እና «ስፕላሽ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብናጠፋ፣ ከርነሉ በሥዕል ተሸፍኖ ዝም ከማለት ይልቅ የሚያደርገውን ሁሉ እየተናገረ ይነሳል። «ኖሞድሴት» የሚለውን ቃል ብንጨምር ደግሞ የስክሪን ካርዱን በተራቀቀ መንገድ ማስተዳደሩን ይተዋል። ማሽኑ በዚህ ቃል ደብዛዛ ሆኖ ተነሳ። ጥፋቱ ከከርነሉ ጋር ያልመጣ፣ የካርዱ አምራች ለብቻው የሚያቀርበው ድራይቨር ነበር።

ይህን ጉዳይ ማብራራት ተገቢ ይመስለናል፤ ብዙ ጥፋት ከዚህ ይመነጫልና። የከርነሉ አዘጋጆች በፕሮግራሞች ዘንድ የሚሠራን ነገር ማሻሻያ እንዳያበላሽ ጽኑ ደንብ አላቸው። በከርነሉ ውስጥ ላሉት ክፍሎች እርስ በርስ ግንኙነት ግን እንዲህ ያለ ቃል አልገቡም፤ እንዳሻቸው ይለውጡታል። በከርነሉ ውስጥ የሚኖር ድራይቨር ለውጡ ሲደረግ አብሮ ይስተካከላል፤ ውጭ የሚኖረው ግን ለእያንዳንዱ ከርነል እንደገና መሠራት አለበት። በክረምት መርሐ ግብር ለትምህርት ከሚመጡ መምህራን መካከል ከእስቴ የመጣ አንድ መምህር ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ «ገመድ አልባው ኔትወርክ ከማሻሻያው በኋላ ከነስሙ ጠፋ» ብሎን ነበር። ነገሩ ያው ነው፤ ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል አልተሠራም። እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልጉት ፋይሎች ደግሞ ከኢንተርኔት የሚወርዱ ናቸው፤ ኢንተርኔቱ የሚገኘው በዚያው በጠፋው ካርድ ነው። ሣጥኑና ቁልፉ እንደገና መጡብን። የመካነ ኢየሱስ ልጅ በመሆኑ ተስፋ የሚቆርጥ አልነበረም፤ ስልኩን በገመድ አገናኝቶ በስልኩ ኢንተርኔት አወረደው።

ሰባተኛው ማሽን የውጤት መዝገቡን የያዘው ነው። በእርሱ ላይ ያደረግነውን ስንጽፍ ጥቂት እናፍራለን።

ማሽኑ በአዲሱ ከርነል ሲነሳ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይወድቃል። እኛም ክዳኑን ከፍተን አቧራውን እፍ ብለን፣ ሁለቱን የራም ዘንጎች ነቅለን ወርቃማ ጥርሶቻቸውን በላጲስ ጠርገን መልሰን ሰካን፤ በዚያው እጃችንም አሮጌውን ከርነል መርጠን አስነሳነው። ተነሳ፤ ሠራ። በተሰበሰቡት መምህራን ፊት «ጥፋተኛው አዲሱ ከርነል ነው» ብለን ፈረድንና ለምሳ ወጣን። ስንመለስ ሞቶ አገኘነው። ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ለውጠን ስለነበር የማንኛው ውጤት ምን እንደሆነ ልናውቅ አልቻልንም። ይህን ስሕተት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በቤተ ሙከራ ሪፖርቱ ላይ ቢሠራው በቀይ ብዕር እናሰምርበት ነበር።

«ከማሻሻያው በኋላ ሆነ» ማለትና «በማሻሻያው ምክንያት ሆነ» ማለት አንድ አይደለም። ይህን በሊነክስ ታሪክ ውስጥ በሁለት ትላልቅ ጉዳዮች ማየት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 መጸው የ2.6.27 ከርነል የሙከራ ቅጂዎችን የጫኑ ሰዎች የኢንቴል ኔትወርክ ካርዶቻቸው ሞቱባቸው። ተራ ውድቀት አልነበረም፤ በካርዱ ውስጥ ያለው ቋሚ ማስታወሻ ራሱ ተበላሽቶ ስለነበር ወደ አሮጌው ከርነል መመለስም አያድነውም። ጥርጣሬው ሁሉ «ኢ1000ኢ» በተባለው የካርዱ ድራይቨር ላይ ወደቀ፤ የሞተው ካርድ እርሱ የሚያስተዳድረው ነውና። የኢንቴል መሐንዲሶች በቅድሚያ ማስታወሻው እንዳይጻፍበት የሚቆልፍ ማስተካከያ አዘጋጁ፤ ፍለጋው ግን ቀጠለ። በመጨረሻ የተያዘው ከኔትወርክ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው «ኤፍትሬስ» የተባለ የከርነሉን እርምጃ የሚከታተል አዲስ መሣሪያ ነበር። ይህ መሣሪያ ቀድሞ የከርነል ኮድ የነበረበትን፣ በኋላ ግን ተለቅቆ ለካርዱ የተሰጠን የማስታወሻ አድራሻ አሁንም የራሱ መስሎት ይጽፍበት ነበር። ቤቱን ለቅቆ ከወጣ በኋላ በአሮጌው ቁልፍ ገብቶ የአዲሱን ተከራይ ዕቃ እንደሚያተራምስ ሰው ነው። 2.6.27 በኦክቶበር 9 ከወጣ በኋላ በቀናት ውስጥ በተከተለው 2.6.27.1 መሣሪያው እንዲዘጋ ተደረገ። በሬሳው አጠገብ የተገኘው ሁሉ ገዳይ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰዓት ነው። የምድር ሽክርክሪት ከአቶሚክ ሰዓቶች ጋር እንዲጣጣም አልፎ አልፎ አንድ ሴኮንድ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2012 በዓለም አቀፍ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 24 ቀን 2004 ዓ.ም. ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዲት ሴኮንድ ተጨመረች። በከርነሉ የሰዓት አያያዝ ውስጥ ተደብቆ የቆየ ጉድለት በዚያች ቅጽበት ነቃ፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰርቨሮች ፕሮሰሰራቸው በከንቱ ሥራ ተይዞ ቀጥ አሉ። ለብዙዎቹ የበቃው መድኃኒት ሰዓቱን እንደገና መሙላት ብቻ ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ብዙ የኮምፒዩተር ባለሙያ ማሻሻያ የሚጭንበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ከቀትር በኋላ አዲስ ከርነል ጭኖ ሌሊት ማሽኑ የወደቀበት ሰው ማንን ይከስ ነበር?

ጥፋቱ በእርግጥ በከርነሉ ውስጥ ሲሆን ግን መያዣው ሒሳብ ነው። ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 በሠራው «ጊት» በተባለው የቅጂ መቆጣጠሪያ ውስጥ «ባይሴክት» የሚባል ዘዴ አለ። የሚሠራው ከርነልና የማይሠራው ከርነል ይነገሩታል፤ እርሱ ከመካከላቸው ያለውን ቅጂ ያቀርባል፤ ይሞከራል፤ ቢሠራ ጥፋቱ በኋለኛው ግማሽ፣ ባይሠራ በፊተኛው ግማሽ ነው። ግማሹ እንደገና ይገመሳል። ሁለት አሥራ አራት ጊዜ በራሱ ቢባዛ 16,384 ይሆናል፤ ስለዚህ ከአሥር ሺህ በላይ ለውጦች መካከል ጥፋተኛውን ለመለየት የሚያስፈልገው ሙከራ ከአሥራ አራት አይበልጥም። ከርነሉ ውስጥ አንድ መስመር ማንበብ የማይችል ተማሪ እንኳ በትዕግሥት ብቻ ጥፋቱን ያመጣችውን አንዲት ለውጥ ለአዘጋጆቹ ሊጠቁም ይችላል። በዚህ መንገድ የተገኙ ጥፋቶች እጅግ ብዙ ናቸው።

በላይ ጋይንት ያለን ግን ሁለት የራም ዘንጎች ነበሩ፤ መገመስ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ግን አንድ ውሳኔ ወሰንን። ራሙ ያጠራጥራል ካልን በዚህ ማሽን መዝገቡን መቅዳት የለብንም፤ የሚቀዳው ሁሉ በዚያ በተጠረጠረው ማስታወሻ በኩል ያልፋልና፣ ሰማንያ ያገኘ ተማሪ ሳይታወቅ ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ሃርድ ዲስኩን ፈትተን ጤነኛ ከሆነው ማሽን ጋር አገናኝተን መዝገቡን በሁለት ፍላሽ ቀዳን። አንዱን ርእሰ መምህሩ ኪሳቸው አስገቡት። ከዚያ በኋላ ነው የሁላችንም ትንፋሽ የተመለሰው።

ቀጥሎ አንዱን ዘንግ አውጥተን «ሜምቴስት» የተባለውን የማስታወሻ መመርመሪያ ለቀቅነው። ይህ ፕሮግራም በእያንዳንዱ አድራሻ የታወቀ ቁጥር ይጽፋል፤ መልሶ ያነበዋል፤ ልዩነት ቢያገኝ በቀይ ያሳውቃል። አንደኛው ዘንግ ሌሊቱን ሙሉ ተፈትኖ ንጹሕ ሆነ፤ ደግነቱ በዚያ ሌሊት መብራት አልጠፋም። ሁለተኛው በማግስቱ ጧት ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ቀይ መስመር አወጣ።

እዚህ ላይ ከመምህራኑ አንዱ ፈገግ የሚያሰኝ፣ ግን ፈጽሞ ከንቱ ያልሆነ ጥያቄ አነሳ፦ «ከፍታው ይሆን?» ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የኮምፒዩተር ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት ባይለወጥም በውስጡ ያለው የአየር መጠን ስለሚቀንስ የሚወስደው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ብዙ አምራቾች ለማሽኖቻቸው የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ 3,048 ሜትር መሆኑን ልብ ይሏል። የጋይንት ብርድ ግን ይህን ጉድለት በሚገባ ይክሰዋል።

ከዚህ የሚረቀው ነገር ከሰማይ የሚመጣው ነው። ከጠፈር የሚወርዱ ኃይለኛ ቅንጣቶች ከከባቢ አየር ጋር ሲጋጩ ኒውትሮኖችን ይወልዳሉ፤ አንድ ኒውትሮን በማስታወሻ ቺፕ ውስጥ የሲሊከንን እምብርት ቢመታ የአንዲት ቢት ዜሮ ወደ አንድ ልትገለበጥ ትችላለች። አይቢኤም ይህን ለማረጋገጥ ቺፖቹን 3,100 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በኮሎራዶዋ ሌድቪል ከተማ ፈትኖ ስሕተቱ ከዝቅተኛ ቦታ ይልቅ በብዙ እጥፍ እንደሚበዛ አይቷል፤ የኒውትሮኖቹ ብዛት በዚያ ከፍታ ከባሕር ወለል ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን የምድር መግነጢስ ከቅንጣቶቹ ብዙዎቹን ስለሚመልስልን ድርሻችን ከሌድቪል ያነሰ ነው። ቢሆንም ከምጽዋ ይልቅ በነፋስ መውጫ ቢት መገልበጧ የተሻለ ዕድል አላት።

ታዲያ ጥፋቱ ከጠፈር ነው ወይስ ከቺፑ? መልሱን ሜምቴስት ራሱ ይዞታል። የጠፈር ቅንጣት ዛሬ የመታውን ስፍራ ነገ አይደግመውም፤ የተገለበጠችውም ቢት እንደገና ሲጻፍባት ትድናለች። እኛ ፈተናውን ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀዩ መስመር የወጣው በአንድ አድራሻ፣ በአንዲት ቢት ነበር። የሞተች ቢት ናት። በሁለት ጊጋባይት ዘንግ ውስጥ ወደ 17 ቢሊዮን የሚደርሱ ቢቶች አሉ፤ የታመመችው ከእነዚህ አንዷ ናት።

ከርነሉም ነጻ ወጣ። አሮጌው ከርነል በነበረ ጊዜ ያቺ አድራሻ በአብዛኛው ማንም በማይደርስበት ስፍራ ትውል ነበር ብለን እንገምታለን፤ ተማሪዎቹ ከጽሑፍ መጻፊያ አልፈው ሁሉንም ራም አይሞሉትም። አዲሱ ከርነል ግን አሰፋፈሩ የተለየ ነው። እንዲያውም ከ4.12 (እ.ኤ.አ. 2017) ወዲህ ከርነሉ ለደኅንነት ሲባል በተነሳ ቁጥር የሚሰፍርበትን አድራሻ በዕጣ መለዋወጥ የተለመደ ሆኗል። ዕጣው በሞተችው ቢት ላይ ሲወድቅ ማሽኑ በሁለት ደቂቃ ይሞታል፤ ሳይወድቅ ሲቀር እስከ ምሳ ሰዓት ይኖራል። የሞት ቃሉም በየጊዜው የተለያየ ነበር፤ ይህንን ገና ከመጀመሪያው ልብ ልንለው ይገባን ነበር። የፕሮግራም ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቃል ይደጋግማል፤ የታመመ ማሽን ይዘባርቃል።

ስለ ሞት ቃሉ ካነሳን፣ ከስማዳ በክረምት የሚመጣ አንድ መምህር የሚያደርገውን ብንጠቅስ ሌሎችን የሚረዳ ይመስለናል። ፓኒክ በደረሰ ጊዜ ከርነሉ መልእክቱን ወደ ዲስክ ለመጻፍ ብዙውን ጊዜ ዕድል አያገኝም፤ ማሽኑ ሲጠፋ ቃሉም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ይህ መምህር ገና ማሽኑን ከማጥፋቱ በፊት ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ ያነሳል፤ ቀኑን፣ የከርነሉን ቁጥርና ከዚያ በፊት የተደረገውን በደብተር ይጽፋል። ከወገዳ ሆኖ የሚልክልን ፎቶ ከረጅም የስልክ ገለጻ ይበልጥብናል። በፎቶው ላይ መጀመሪያ የምናየው የታችኛውን መስመር አይደለም፤ ከላይ የመጀመሪያው ስሕተት የተነገረበትን ነው፤ የቀሩት ብዙውን ጊዜ የእርሱ ልጆች ናቸው። ቀጥሎ «ቴይንትድ» ማለትም የተበከለ የሚለውን ቃል እንፈልጋለን፤ አጠገቡ «ፒ» የምትለው ፊደል ካለች ምንጩ ያልተከፈተ የውጭ ድራይቨር ገብቷል ማለት ነው። ከ6.12 (እ.ኤ.አ. 2024) ጀምሮ ከርነሉ የሞት ቃሉን በስክሪኑ ላይ በኪው አር ኮድ ሊያሳይ የሚችልበት አሠራር ተጨምሯል። የስማዳው መምህር ይህን ስንነግረው «እኔ ቀድሜያቸዋለሁ» ብሎ ሳቀ።

ወደ ሰባተኛው ማሽን እንመለስ። ዘንጉን ማውጣት አንድ መፍትሔ ነበር፤ ግን ማሽኑ በቀረው ብቻ እጅግ ይንቀራፈፋል፣ ለዚያ ዘመን ማሽን የሚሆን ራም ደግሞ በቅርብ አይገኝም። ስለዚህ ከርነሉን ራሱን ለመንነው። ሲነሳ በሚነበብለት የትእዛዝ መስመር ላይ «ከዚህ አድራሻ እስከዚህ አድራሻ ያለውን አትንካ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ ግራብም ለዚሁ የተዘጋጀ ቅንብር አለው። በሞተችው ቢት ዙሪያ 64 ኪሎባይት አጥረን አስከለከልንና ማሽኑን በአዲሱ ከርነል አስነሳነው። ሙሉ ቀን ሠራ፤ በማግስቱም ሠራ።

መምህሩ የተከለለውን አድራሻ በወረቀት ጽፎ፣ ሥሩም «ዘንጎቹን ቦታ የሚለዋውጥ ሰው ይህን ቁጥር እንደገና ይፈልግ» ብሎ ጨምሮበት፣ በማሽኑ ክዳን ላይ በፕላስተር ለጠፈው።